ሁለት ቄሶች፥ ሁለት ምሥጢሮች

በዚህች ጽሑፍ ልንመለከታቸው ያሰብናቸው መጻሕፍት ሁለት ናቸው። አንደኛው ስፔይናዊው ሚጌል ደ ኡናሙኖ በ1931 ያሳተመው «ቅዱስ ማኑኤል ቡኤኖ፥ ሰማዕት» የተባለው አጭር ልብ ወለድ ነው። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ዦርዥ ቤርናኖስ በ1936 ያወጣው «የአንድ የገጠር ቄስ ማስታወሻ» ነው። (ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱንም ያነበብነው በእንግሊዝኛ ትርጉም ስለ ሆነ ስለ ደራሲዎቹ የቋንቋ ውበት አፍ ሞልተን አንናገርም። ስለ ፈጠሯቸው ሰዎች ግን የምንለው አለን።

«ደግሞ የቄስ ታሪክ!» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም መጀመሪያ ብለነዋል። መጻሕፍቱን እንድንገልጥ ያስገደደን አንድ ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። ከመካከላችን አንዱ እምነቱን ከተወ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ይሁን እንጂ ለፋሲካ አገር ቤት ሲወርድ ሁዳዴን እንደ ጾመ ሰው ከእናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ያድራል፤ ይሰግዳል፤ ዶሮ ሲጮኽ አብሮ ይፈስካል። «ታዲያ ምን ላድርግ? እውነቱን ብነግራት ትሞትብኛለች» አለ። ሌላው «ስለዚህ ትዋሻለህ» አለው። ይኼኔ አንድ ዓመት አውሮጳ ተምሮ የተመለሰው ጓደኛችን ጣልቃ ገባና «የኔ ይብሳል። እኔ አምናለሁ፤ እጾማለሁ። እዚያ ግን ምሳ ሲቀርብ ‹ጾም ነኝ› ማለት አፍሬ ‹ጨጓራዬን ያመኛል› እል ነበር» ብሎ አሳቀን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁላችንም ዝም አልን። አንዱ የማያምነውን እንደሚያምን፣ ሌላው የሚያምነውን እንደማያምን ሆኖ ኖሯል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? የኡናሙኖና የቤርናኖስ መጻሕፍት የሚነኩት ይህንኑ ቁስል ነው።

የኡናሙኖ ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቫልቬርዴ ዴ ሉሴርና በምትባል፣ በሐይቅና በተራራ መካከል በተቀመጠች መንደር ዶን ማኑኤል የሚባል ቄስ አለ፤ በኛ አጠራር አባ ማኑኤል እንበለው። በሽተኛ ይጠይቃል፤ የተጣላ ያስታርቃል፤ ለድኾች እንጨት ይፈልጣል፤ ወጣቶቹ እንዲጨፍሩ ከበሮ እስከ መምታት ይደርሳል። ሕዝቡ በቁሙ ቅዱስ አድርጎታል። ታሪኩን የምትነግረን አንጄላ የምትባል የመንደሩ ሴት ናት። ወንድሟ ላዛሮ ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ፣ ገንዘብና አዲስ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ቄስንና ገጠርን አንድ ላይ በኋላ ቀርነት የሚኰንን ሰው ነው። ውሎ አድሮ ግን አባ ማኑኤልን ይወዳል፤ ይባስ ብሎም ይቆርባል፤ መንደሩ እልል ይላል። ምሥጢሩ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ለካስ ቄሱ ራሱ ከሞት በኋላ ሕይወት መኖሩን አያምንም! ላዛሮን የለመነው እንዲያምን አልነበረም፤ የሕዝቡን ሰላም እንዳያደፈርስ የሚያምን እንዲመስል ነበር።

የመጽሐፉ ምርጥ ትዕይንት የጸሎተ ሃይማኖቱ ነው። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጸሎቱን ሲደግም የአባ ማኑኤል ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። የሙታን ትንሣኤና የዘላለም ሕይወት ከሚጠቀስበት ሐረግ ሲደርሱ ግን ዝም ይላል። ማንም ልብ አይለውም፤ የሕዝቡ ድምፅ እንደ ሐይቁ ውኃ ይሸፍነዋልና። ኡናሙኖ በዚህች ጥቂት መስመር የሠራው ሥራ ሌሎች በመቶ ገጽ ከሚሠሩት ይበልጣል። ቄሱ ቃሉን ሲውጥ እናያለን፤ ቀሪው ለኛ ተትቷል።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ነገር ጣል እናድርግ። የምዕራባውያኑ ጸሎት የሚጀምረው «አምናለሁ» ብሎ ነው። የኛ ጸሎተ ሃይማኖት ግን «ነአምን» ይላል፤ እናምናለን። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይመስለንም። «አምናለሁ» ያለ ሰው ልቡ በዛለ ቀን የሚይዘው የለውም። «እናምናለን» ያለ ግን አንድ ቀን ድምፁ ቢቆረጥ አጠገቡ የቆመው ይጨርስለታል። ኡናሙኖ «አምናለሁ» በሚል ጸሎት ውስጥ «እናምናለን»ን አገኘው ብንል አላጋነንም።

ይሁን እንጂ እኛ ከአባ ማኑኤል ጋር የምንለያይበት ነጥብ አለ። በሰው ድምፅ መደገፍ አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ሕዝብ እውነቱን አይችለውም» ብሎ መፍረድ ሌላ ነገር ነው። ላዛሮ የገበሬዎች ማኅበር እናቋቁም ሲለው ቄሱ እምቢ ይላል። ማርክስ ሃይማኖትን ኦፒየም ማለቱን እያወቀ፣ ነቀፌታውን ተቀብሎ ወደ በጎነት ያዞረዋል፤ ሕዝቡ ካስተኛው ይጠጣ ነው ነገሩ። ኧረ ይሄስ አይሆንም! አባ ማኑኤል ሕዝቡን መውደዱን አንጠራጠርም፤ ግን እንደ ሕፃን ነው የሚወደው። ከላይ ያነሣነው ጓደኛችንም «ትሞትብኛለች» ሲል እናቱን እንደ ሕፃን እየቈጠራት እንደ ሆነ አላስተዋለም። ባል የቀበረች፣ ልጆች ያሳደገች፣ ክፉ ቀን ያሳለፈች ሴት እውነት አትችልም ያለው ማነው?

አሁን ወደ ቤርናኖስ። አምብሪኩር በሰሜን ፈረንሳይ ያለች የገጠር አጥቢያ ናት። ወጣቱ ቄስ (ደራሲው ስሙን እንኳ አልነገረንም) ከድኻ ቤት የወጣ፣ በሽተኛ፣ ነገር የማያውቅ ሰው ነው። የዕለት ማስታወሻውን የሚጀምረው አጥቢያው በስልቹነት እየተበላ መሆኑን በመጻፍ ነው። ስልቹነቱ እንደ አቧራ ነው ይለናል፤ አይታይም፤ ግን ከሰው ፊትም ከምግብም ላይ ያርፋል። ልብ በሉ፤ አምብሪኩር ቤተ ክርስቲያን መሳም አልተወችም። ደወል ይደወላል፤ ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ ይማራሉ። እግዜር የለም ብሎ የሚጮኽ የለም። ሰዎቹ ግን ከውስጥ ሞተዋል።

ይህን ቤርናኖስ ያየው ቀድሞ ነው። በፈረንሳይ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በሕግ የተለያዩት በ1905 ነበር፤ ብዙ ካህናትም የእምነት መዳከም ከዚያ የመጣ ይመስላቸው ነበር። ሄንሪ ጎዳንና ኢቫን ዳንኤል የተባሉ ሁለት ቄሶች «ፈረንሳይ የስብከት አገር ናትን?» የሚል መጽሐፍ አሳትመው፣ ሠራተኛው ሕዝብ ወንጌል እንዳልሰማ አገር መሆኑን ሲናገሩ ብዙ ሰው የደነገጠው በ1943 ነው። ልብ ወለዱ በሰባት ዓመት ቀደማቸው።

የመጽሐፉ እምብርት የባላባቱ ሚስት፣ ኮንቴሷ፣ ከቄሱ ጋር የምታደርገው ሙግት ነው። ሴትዮዋ ለአጥቢያው የጨዋ ምእመን ምሳሌ ናት። ነገር ግን ወንድ ልጇ ገና ሕፃን ሳለ ሞቶባታል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እግዚአብሔርን ትጠላለች። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በጥላቻዋ ላይ ካባ ደርባ ነው። ቄሱ አያባብላትም፤ አይቈጣትምም፤ ገመናዋን ፊት ለፊት ይነግራታል። በመጨረሻ ትሸነፍና የልጇ ጠጕር ያለበትን የአንገት ጌጥ ከእሳቱ ትወረውረዋለች። ቄሱም እጁን ከነበልባሉ ሰዶ ያወጣዋል። እምነት የሞተ ልጅን መርሳት እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምን ስብከት ያስፈልጋል?

ያንኑ ሌሊት ኮንቴሷ ትሞታለች። አጥቢያው ቄሱን «ሴትዮዋን በነገር ገደላት» እያለ ያማዋል። ጨጓራው ደረቅ እንጀራና ወይን ብቻ ስለሚቀበልለት ደግሞ «ሰካራም» ይለዋል። ኮንቴሷ ከመሞቷ በፊት ሰላም እንዳገኘች የሚመሰክር ደብዳቤ ጽፋለት ነበር። ያቺን ደብዳቤ ቢያሳይ ከሐሜቱ ሁሉ ነፃ በወጣ። አላወጣትም።

እንግዲህ ርእሳችን ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ቄሶች ምሥጢር ደብቀዋል። አባ ማኑኤል የደበቀው ክሕደቱን ነው፤ ምሥጢሩ ስሙን ያስከብርለታል። የአምብሪኩሩ ቄስ የደበቀው ፍሬውን ነው፤ ምሥጢሩ ስሙን ያስጠፋበታል። አንደኛውን ሕዝቡ ቅዱስ ሲል እርሱ ባዶ ነኝ ይላል። ሁለተኛውን ሕዝቡ ሰካራም ሲል ቅድስናው ለራሱም አይታየውም። መጸለይ እንኳ አቅቶታል፤ ይህንም በማስታወሻው በግልጽ ይጽፋል። ልዩነታቸው የአንዱ መጠራጠርና የሌላው አለመጠራጠር አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱ አንዱ ጨለማውን በሕዝቡ ፈንታ ብቻውን ሊሸከመው መወሰኑ፣ ሌላው ግን ጨለማ ውስጥ ሆኖም ሰውን እንደ አዋቂ ማነጋገሩ ነው።

የቤርናኖስ መጨረሻም ሊጤን ይገባዋል። ቄሱ የጨጓራ ነቀርሳ እንዳለበት ሊል ከተማ ሄዶ ይረዳል፤ የሚሞተውም ክህነቱን ጥሎ ከአንዲት ሴት ጋር በሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛው ቤት ነው። «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚለውም ይኸው ክህነቱን የጣለ ጓደኛው ነው። ያመነው ባልጸናው ተሸኘ። ከዚያ በፊትም መንገድ ላይ ወድቆ ሳለ ፊቱን የጠረገችለት ክፍል ውስጥ ስታፌዝበት የነበረችው ትንሿ ሴራፊታ ናት። ቤርናኖስ «እናምናለን» የሚል ቃል አልተጠቀመም፤ ነገር ግን ትርጉሙን በሥራ አሳይቶታል።

ምስጋና ብቻ ሂስ አይደለምና ጉድለታቸውንም እንናገር። ቤርናኖስ ስብከት ያበዛል። የቶርሲው ሽማግሌ ቄስ አፉን ሲከፍት ገጽ ያልቃል፤ አንዳንዴ ሰውዬው ሳይሆን ደራሲው እንደሚናገር ያስታውቃል። የኡናሙኖ መንደር ደግሞ ከመጠን በላይ ንጹሕ ናት። ሌባ የለ፣ ወስላታ የለ፣ ቄሱን የሚጠላ አንድ ሰው እንኳ የለ! በእንዲህ ያለ መንደር መዋሸት ቀላል ነው። አንጄላም ከምታገለግል በቀር የራሷ ሕይወት አልተሰጣትም። ይሁንና መጨረሻ ላይ፣ ቄሱና ወንድሟ እንደማያምኑ እያመኑ ሳያውቁት አምነው ይሆናል ስትል የምታነሣው ጥርጣሬ ከሁለቱ ወንዶች ሙግት ይልቅ ያሳስበናል። እርሷ ራሷ የምታምነውን እርግጠኛ አይደለችምና።

ደራሲዎቹ በዳር ቆመው የጻፉ አልነበሩም። በ1936 የስፔይን የርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ኡናሙኖ የሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ነበር፤ ቤርናኖስም የሚኖረው በስፔይኗ በማዮርካ ደሴት ነበር። ሁለቱም የጄኔራሎቹን ዐመፅ መጀመሪያ በበጎ ዐይን አይተውት ነበር። በመስቀል ስም የሚፈሰውን ደም ሲያዩ ግን ሁለቱም ተቃወሙ። ኡናሙኖ ከሬክተርነቱ ተሽሮ ያን ዓመት ሳይጨርስ ሞተ። ቤርናኖስ በ1938 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ የገዛ ወገኖቹን ካቶሊኮች በብርቱ ከሰሰ። ስለዚህ አለማመን ሲሉ መስቀል የተሸከመውንም ጨምረው መሆኑን አንርሳ።

ወደኛ ስንመጣ፣ አገራችን የማያምን ማኅበረሰብ ናት የሚል ካለ ይሳሳታል። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ከመቶው ከ60 በላይ የሚሆነው ክርስቲያን ነኝ ያለ ነው፤ ከቀረው ውስጥ ብዙው ሙስሊም ነው። ስደትንም እናውቀዋለን። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል። ስደት ግን ስም ይተዋል፤ ሰማዕት ይተዋል። ስልቹነት ምንም አይተውም። ዛሬ ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት የሚሄድ ወገናችን የሚገጥመው እምነቱን ክዶ እንዲኖር የሚያስገድደው ወታደር አይደለም፤ «ለምን ትጾማለህ?» ብሎ እንኳ የማይጠይቀው ጎረቤት ነው። አምብሪኩር ግን ባሕር ማዶ ብቻ አይደለችም። ደወሉ እየተደወለ፣ ነጠላው ነጭ ሆኖ፣ ልብ ግን እንደ ኮንቴሷ የተዘጋበት ቤት እዚሁም አለ። ከሐዲ ነኝ ብሎ በግልጽ የሚናገረው ያ የአምብሪኩሩ ደግ ሐኪም ዴልባንድ፣ ለድኻ የሚቈረቈረው፣ ከዚያ ጨዋ ቤት ይልቅ ለቄሱ ልብ ይቀርብ ነበር። ያም ሆኖ ሐኪሙ ጫካ ዳር በጥይት ሞቶ ተገኘ። ሐቀኝነት ብቻውን እንደማያኖርም ቤርናኖስ ያውቃል።

የክፍላችን ክርክር በዚህ አልተዘጋም። እኛ ራሳችን ግማሾቻችን እናምናለን፤ ግማሾቻችን አናምንም። የተስማማነው ግን በአንድ ነገር ነው። የማያምነው ለእናቱ ይንገራት፤ ከዚያም ፋሲካን ከጎኗ ይቁም፤ ዝም ማለት ባለበት ቦታ ዝም ይበል፤ እርሷ ትጨርስለታለች። የሚያምነውም የጨጓራውን ተረት ትቶ «ጾም ነኝ» ይበል። ይህ ምክር ቀላል እንዳልሆነ አይጠፋንም። አውሮጳ ደርሶ የመጣው ወንድማችን ጽሑፉን ካነበብንለት በኋላ «ደብዳቤዋን ያላወጣው ቄስ ግን እኮ እሱም ዝም አለ» ብሎን አፋችንን ለጉሞታል። እውነቱን ነው። መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ አልተስማሙም፤ እኛም አልተስማማንም። ከአንባቢዎቻችን የተለየ አስተያየት ያለው በሚቀጥለው እትም ብዕሩን ያንሣ።