«ይሻላል» — ከምን?

ባለፈው የገና ምሽት ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ። የመጀመሪያው ታላቅ ወንድሜ ነው። አሥራ አራት ዓመት አጭሷል፤ ጠዋት ጠዋት የሚያስለው ሳል ለቤታችን እንደ ማንቂያ ደወል ነው። በረንዳ ላይ ቆሞ፣ ከዱባይ የመጣ ጓደኛው የሰጠውን ቬፕ እየሳበ፣ «ይሄ እኮ ዘጠና አምስት በመቶ ይሻላል» አለኝ። ሁለተኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ሲጋራ አፏ ገብቶ አያውቅም፤ ሽታውን ራሱ አትወደውም። ወንድሜ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሲገባ አነሳችና ሳበችለት። ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ዓይኔን ሳፈጥባት ሳቀችና «አታካብድ፣ ዘጠና አምስት በመቶ ይሻላል» አለችኝ።

ቃል በቃል አንድ ነው። ሁለቱም ከስልካቸው ያገኙት ነው፤ ሁለቱም ሊዋሹኝ አልፈለጉም። እኔ ግን ከወንድሜ ስሰማው ደስ አለኝ፣ ከእሷ ስሰማው ደነገጥኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንዱ አፍ እውነት፣ በሌላው አፍ ስህተት እንዴት ይሆናል? ጥያቄው የሐኪም ይመስላል። እኔ ግን የንባብ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን እንደ አንድ ድርሰት እናንብበው፦ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምንስ ሳይል ቀረ?

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ኮድ ውስጥ አንድ ቁጥር ያለ ማብራሪያ ተጎልቶ ስናገኝ የምንጠቀምበት ጊት ብሌም የሚባል ትእዛዝ አለ፤ መስመሩን ማን፣ በየትኛው ቀን እንዳስገባው ያሳያል። ብዙ ጊዜ መልሱ ያስቃል። ያስገባው ሰው «ለጊዜው ይህን እናድርግ» ብሎ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ሥራ ተሠራበት፣ በዚያ ላይ ሌላ፣ በመጨረሻ ማንም ሊነካው የማይደፍር ቁጥር ሆነ። 95ንም እንደዚያው ወደ ኋላ ተከተልኩት።

ቁጥሩን ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015 ነው። በዚያ ወር ፐብሊክ ሄልዝ ኢንግላንድ የተባለው የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና ተቋም አንድ ዘገባ አወጣ፤ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከሲጋራ ይልቅ ጉዳቱ 95 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው የሚል ግምትም አብሮ አሰራጨ። ቁጥሩን የወለደው ግን እሱ አይደለም። ወላጁ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2014 የታተመ ጽሑፍ ነው፤ ከፊት የሰፈረው ስም የዴቪድ ነት ነው። አሥራ ሁለት ባለሙያዎች ተሰባሰቡ፤ አሥራ ሁለት ኒኮቲን ያለባቸውን ምርቶች ደረደሩ፤ በአሥራ አራት መመዘኛዎች ነጥብ ሰጡ። ሲጋራ አንደኛ ወጣ፣ ወደ መቶ የሚጠጋ ነጥብ ይዞ። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ 4 ወረደ። 95 የሚባለው ከዚህ መጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ይህን ቁጥር ለማግኘት የማንም ሳንባ አልታየም፤ ሃያ ዓመት ቬፕ የሳበ ሰውም አልተከተሉም፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል? ቁጥሩ የተወለደው ከውይይት ነው። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ለአብዛኞቹ ምርቶች፣ በአብዛኞቹ መመዘኛዎች ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለ በጽሑፋቸው አስቀምጠዋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የመንግሥቱ ዘገባ በወጣበት ወር ባሰፈረው ርዕሰ አንቀጽ መሠረቱ እጅግ ስስ ነው ብሎ ተችቶታል። ግን የጥንቃቄ ቃላት እንደ ቁጥር አይጓዙም። «በባለሙያዎች ግምት»፣ «ገደማ»፣ «እስካሁን በምናውቀው» የሚሉት እየተንጠባጠቡ ቀሩ። በረንዳችን ላይ የደረሰው 95 ብቻውን ነው።

እና ቁጥሩን እንጣለው? እኔም እዚህ ስደርስ ለመጣል እጄ ተነስቶ ነበር። ግን ደካማ ማስረጃ ያለው ሐሳብ ሁሉ ስህተት አይደለም፤ ሌላ ማስረጃ ይደግፈው እንደሆነ ማየት ነው። እንይ።

ሲጋራ የሚገድለው ስለሚቃጠል ነው። ሲሳብ ጫፉ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ከዚያ ቃጠሎ ታር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሌሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ቢያንስ 70ዎቹ ካንሰር የሚያመጡ ናቸው። ቬፕ ውስጥ የሚቃጠል ቅጠል የለም። ባትሪ ትንሽ ሽቦ ያግላል፤ ሽቦው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የተባሉትን ፈሳሾች ከኒኮቲንና ከማጣፈጫ ጋር ያተናል። ታር የለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም የለም ለማለት ይቻላል። ይህ ማለት ንጹሕ አየር ነው ማለት አይደለም። ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲግል ፎርማልዲሃይድን የመሳሰሉ ነገሮች ይፈጠራሉ፤ ከሽቦው ብረት ሊነቀል ይችላል፤ ኒኮቲኑም ሱስ ማስያዙን አይተውም። ግን ከቃጠሎው ጋር አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም።

በ2017 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 181 ሰዎችን ወስዶ ሽንታቸውንና ምራቃቸውን መረመረ። ሲጋራ ሙሉ በሙሉ ትተው ቢያንስ ለስድስት ወር ወደ ቬፕ የዞሩት ሰዎች ላይ፣ ሳንባን ከሚጎዱት የትምባሆ መርዞች የአንዱ ምልክት ከአጫሾቹ በ97 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግምት አይደለም፤ ልኬት ነው። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ማቆም የሚፈልጉ 886 አጫሾችን ለሁለት ከፈለ። ከዓመት በኋላ ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶው፣ የኒኮቲን ፕላስተር፣ ማስቲካና የመሳሰለው ከተሰጣቸው ደግሞ 9.9 በመቶው ሲጋራ አቁመው ተገኙ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። (በቬፕ ካቆሙት አምስት ሰዎች አራቱ ግን ዓመት ሙሉ ቬፑን አልተዉም ነበር፤ ይህንንም መደበቅ የለብንም።)

ስለዚህ እንደ ሐያሲ ፍርዴ ይህ ነው፦ ቁጥሩ ደካማ ነው፣ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው። ዓረፍተ ነገሩ «በጣም ይሻላል» ብሎ ቢያቆም ኖሮ የምጣላው ነገር አይኖረኝም ነበር። ያልተለካን ነገር እንደተለካ አስመስሎ ያቀረበው 95 ነው።

ተቃራኒውንም ድርሰት ማንበብ ፍትሕ ነው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ቬፕ የሚስቡ ሰዎች በድንገተኛ የሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ይገቡ ጀመር። እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ታማሚዎችና 68 ሟቾች ተመዘገቡ። አርዕስቶቹ «ቬፕ ገደለ» አሉ። ሲመረመር ዋናው ተጠርጣሪ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ሆነ፤ ብዙ ጊዜ ከመንገድ ላይ በሚገዛ፣ የካናቢስ ዘይት ባለበት ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ። ያንን አርዕስት ብቻ አንብቦ «እንግዲያው ሲጋራዬ ይሻለኛል» ያለ አጫሽ ተታሏል። ግን ከዚህም ለእኛ የሚተርፍ ትምህርት አለ፤ ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያጣራ ከሌለ የእንግሊዙ ቁጥር አብሮት አይመጣም። እዚያ ከ2016 ጀምሮ ኒኮቲኑ በሚሊሊትር ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ በሕግ ተገድቧል። በሻንጣ ተጠቅልሎ በሚገባው ላይ ግን ማን ገደብ አለው?

አሁን ወደ ራሱ ቃል እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው። «ይሻላል» በአማርኛ ለብቻው መቆም የማይችል ቃል ነው። ሁልጊዜ «ከ» ይፈልጋል፤ ከዚህ ያ ይሻላል። «ከ»ዋ ስትወድቅ ግን ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም፤ ጸጥ ብሎ ሌላ ትርጉም ይይዛል። የታመመን ስንጠይቅ «ተሻለህ?» እንላለንና። አንድ ሥር ማነጻጸርንም ፈውስንም ይሸከማል። «ቬፕ ይሻላል» የሚለው ሰው ሳያውቀው ሁለቱን ያደባልቃል፤ ከሲጋራ ያነሰ ጎጂ የሆነው ነገር ጆሮ ላይ ሲደርስ ጤና የሚሰጥ ይመስላል። የማንጎው ሽታ ደግሞ ያግዘዋል።

የእንግሊዙ ዓረፍተ ነገር «ከ» ነበረው። ከሲጋራ ነው የሚለው። የተጻፈውም ለአጫሽ ነው፤ ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ከስድስት አዋቂ አንዱ ገደማ ያጨስ ነበር። ለእነዚያ ሰዎች አማራጩ ጭስ ነው፤ ስለዚህ ከጭስ ጋር ማወዳደር ልክ ነው። በ2022 የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ሰፊ ዘገባም በአጭርና በመካከለኛ ጊዜ ቬፕ ከማጨስ አደጋ ትንሽ ክፋዩን ብቻ እንደሚይዝ ይናገራል፤ ግን አስከትሎ አደጋ የለውም ማለት አይደለም፣ በተለይ አጭሶ ለማያውቅ ሰው ይላል። የሁለተኛው ግማሽ ዕድል እንደተለመደው ነው፤ ማንም አላጋራውም።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ እኛ አገር ገባ። እኛ አገር ደግሞ ሌላ 95 አለ። በ2016 በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ጀምሮ ከሆኑት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ናቸው። ዘጠና አምስቱ አይጠቀሙም። ለእነዚህ ዘጠና አምስት ሰዎች የቬፕ አማራጭ ሲጋራ አይደለም፤ አየር ነው። ከአየር ጋር ሲወዳደር ቬፕ በስንት በመቶ ነው የሚሻለው? ጥያቄውን እንዲህ ስታስቀምጡት ቁጥሩ በእጃችሁ ላይ ይሟሟል። አሜሪካ ይህን በልጆቿ አየችው፤ በ2019 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ 27.5 በመቶው ባለፉት ሠላሳ ቀናት ቬፕ መሳባቸውን ተናግረዋል።

ሕጋችን ይህን ያወቀ ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትንም መሸጥንም ይከለክላል። ሲጋራ ግን ዕድሜው 21 ለሞላው በየሱቁ ይሸጣል። በወንድሜ ዓይን ሲታይ ይህ የተገለበጠ ነው፤ የሚገድለው በሕግ፣ ያነሰው በድብቅ። በአክስቴ ልጅ ዓይን ሲታይ ግን ልክ ነው። የእንግሊዙ ዘገባ ለእሱ ተጻፈ፣ የእኛ አዋጅ ለእሷ። ሁለቱም አንባቢያቸውን መርጠዋል፤ ችግሩ እኛ ቤት ሁለቱም አንባቢዎች አንድ ማዕድ መቅረባቸው ነው።

የዚያን ምሽት ልጅቷን «ከምን?» አልኳት።

«ከሲጋራ ነዋ።»

«አንቺ ሲጋራ ታጨሻለሽ?»

ትንሽ ዝም አለችና «ሲጋራማ ይሸታል» አለች። ዕቃውን መልሳ አስቀመጠችው፤ ስላሳመንኳት ይሁን ስላሰለቸኋት አላውቅም።

ወንድሜን ማናገር ከባድ ነበር። ለእሱ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው ብዬ ጀምሬ ነበርና። ግን በ181ዱ ሰዎች ጥናት ውስጥ ሌላም ቡድን ነበር፤ ቬፕም ሲጋራም የሚጠቀሙት። የእነሱ ውጤት ከአጫሾቹ ያን ያህል አልተለየም። ወንድሜ ደግሞ ቬፑን ከያዘ ወዲህ በቀን ሦስት ሲጋራ ያጨሳል፤ ሁሉንም ከቡና ጋር።

«ይሻላል ያልከው ልክ ነው» አልኩት፤ «ግን ቁጥሩ የተጻፈው ሲጋራውን ለተወ ሰው ነው። አንተ ገና አልገባህበትም።»

«ሦስት ብቻ እኮ ነው» አለኝ።

«አሃ፣ ዘጠና አምስቱ ያሉት እነዚያ ሦስቱ ውስጥ ነው።»

አልመለሰልኝም። በማግስቱ ጠዋት ሳሉ እንደወትሮው ቀሰቀሰኝ። እናታችን ቡና አፍልታ ጠራችን፤ እሱም መጣ፣ ቬፑን ከስኒው አጠገብ አስቀመጠ። ፓኬቱ በኪሱ ነበር፤ ቅርጹ ከሸሚዙ ላይ ይታያል። አቦልን ጠጣን። ቶናን ጠጣን። በረካ ላይ ስንደርስ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ አየኝ፣ ከዚያም ባዶ እጁን አወጣው። ለአንድ ቀን ነው፤ በአንድ ቀን ምንም አይለካም። እኔ ግን ቆጠርኩለት።