የወሎ ዑለማ ቤቶች መዛግብትና ከመሥራቹ በፊት የነበረው ጨለማ

የሃይማኖት መምህራን ከአባት ወደ ልጅ እየተተካኩ የኖሩበት ቤት ጠብቆ ያቈየው ጽሑፍ ለታሪክ መርማሪ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ሌላ ማንም ያልመዘገበውን የአገር ታሪክ ይዞ ይገኛል፤ በሌላ በኩል ግን አብዛኛው የቤቱን መሥራች ለማክበር የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ከመሥራቹ በፊት ስለ ነበረው ዘመን የሚሰጠው ምስክርነት ሳይመረመር ሊታመን አይገባም። ይህ ነገር በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉት የእስልምና ትምህርት ቤቶች ጽሑፎች ላይ ጐልቶ ይታያል።

ከእነዚህ ቤቶች መካከል ስማቸው የታወቀው ጀማ ንጉሥና ጌታ ናቸው። ጀማ ንጉሥን የመሠረቱት ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ከ1743 እስከ 1806 ገደማ የኖሩ ሲሆኑ፣ በቃሉ ምድር የምትገኘውን ጌታን ያቀኑት ሐጂ ቡሽራ አይ ሙሐመድ በ1863 ዐርፈዋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ስማቸው የፊተኛው ከቃዲሪያ፣ የኋለኛው ከሰማኒያ የሱፍያ መንገድ ጋራ ተያይዞ ይነሣል። ሁለቱም ስፍራዎች ደረሳ የሚማርባቸው፣ ምእመናን ለመውሊድና ለዝያራ የሚሰበሰቡባቸው ሆነው ኖረዋል። እንዲህ ባሉት ቤቶች የሚገኘው ጽሑፍ አንድ ዐይነት አይደለም። ቍርኣንና የፊቅህ፣ የነሕውም ኪታብ አለ፤ በዐረብኛና በዐረብ ፊደል በተጻፈ አማርኛ የተደረሰ መንዙማ አለ፤ የመምህራንን ሐረግ የሚቈጥር ሲልሲላና ተማሪው እንዲያስተምር የሚፈቅድ ኢጃዛ አለ፤ በመጨረሻም የሼኹን ሕይወትና ከራማ የሚተርክ መናቂብ፣ ማለት ገድል አለ።

ለረጅም ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ እስልምና የሚጻፈው ታሪክ እነዚህን ጽሑፎች ሳይመለከት ኖሯል። የአንግሊካን ሚስዮን ሠራተኛ የነበሩት ስፔንሰር ትሪሚንግሃም በ1952 ያሳተሙት መጽሐፍ ሰፊ ቢሆንም፣ በአብዛኛው የተመሠረተው በአውሮፓ መንገደኞችና ሊቃውንት ጽሑፍ ላይ ነው። ይህን ጕድለት የሞሉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት ሁሴን አሕመድ ናቸው። በ1985 ለበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡትን የዶክትሬት ጥናት አስፍተው፣ በ2001 ስለ ዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ የየቤቱን ገድልና የሽማግሌዎችን ቃል ወደ ታሪክ አደባባይ አወጣ። ከእርሳቸው ወዲህ የወሎን እስልምና በነጋዴ ብቻ የመጣ፣ ከላይ የተቀባ ቀለም አድርጎ መናገር አይቻልም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ በንዑስ ርእሱ ያስቀደመው ቃል፣ «መታደስ» የሚለው፣ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። መታደስ የሚባለው አስቀድሞ ያረጀ ወይም የተዳከመ ነገር ሲኖር ነው። ታዲያ ከሼኹ በፊት ሃይማኖቱ መዳከሙን የሚመሰክረው ማን ነው? ከሁሉ ይልቅ የሼኹ ገድል ራሱ ነው። ገድል ደግሞ በባሕርዩ መሥራቹ ከመምጣቱ በፊት አገሩ በድንቍርና እንዲኖር ይፈልጋል፤ ጨለማው ካልከበደ ብርሃኑ አይጐላምና። ስለዚህ «ሕዝቡ በስም እንጂ በምግባር እስላም አልነበረም» የሚል ቃል በአንድ ገድል ውስጥ ቢገኝ፣ የዘመኑ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የአጻጻፉ ልማድም ሊሆን ይችላል። ሁሴን አሕመድ ገድል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ምንጭ መሆኑን አልሳቱም። ነገር ግን ተአምራቱን ከታሪኩ መለየት ብቻውን አይበቃም፤ ተአምር የሌለበት ተራ ዐረፍተ ነገር እንኳ የገድልን ሥርዐት ተከትሎ የተሰደረ ሊሆን ይችላልና።

ይህ የእስላም ጸሐፊዎች ብቻ ጠባይ እንዳይመስል፣ ከወሎ ርቆ ከሚገኝ የፕሬስቢቴሪያን ቤት ጋራ ማስተያየት ይጠቅማል። ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ በ1919 ከሱዳን ወደ ምዕራብ ወለጋ ከገቡ በኋላ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን በደምቢ ዶሎ ሥራ ጀመረ። በዚያ ካደጉት አገልጋዮች አንዱ በሕፃንነታቸው ዐይናቸውን ያጡት ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው፤ ልጃቸው ነጋሶ ጊዳዳ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የዚህ ሚስዮን ነገር በሁለት መልክ ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው ሚስዮናውያን ወደ አገራቸው ለላኪው ቦርድ የጻፉት ደብዳቤና ሪፖርት ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ሁሉ የሚያከማቸው በ1852 የተቋቋመው በፊላደልፊያ የሚገኘው የፕሬስቢቴሪያን ታሪክ ማኅበር ነው። ሁለተኛው ቄስ ጊዳዳ ራሳቸው በ1972 ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ ነው፤ የእንግሊዝኛ ርእሱም «የጨለማው ማዶ» እንደ ማለት ነው። ርእሱ የዐይናቸውንም የልባቸውንም ነገር አጣምሮ ይናገራል። የቦርዱ ሪፖርትም ቢሆን ገንዘብና ረዳት ለመጠየቅ የሚጻፍ እንደ መሆኑ፣ የአገሩን ጨለማ ቢያጐላ አይደንቅም። እንግዲህ የወሎው መናቂብና የወለጋው የሚስዮን ጽሑፍ በሃይማኖት ቢለያዩም፣ ሁለቱም ታሪኩን ከጨለማ ያስጀምራሉ።

መፍትሔው ገድሉን መጣል አይደለም። ከጐኑ የተቀመጠውን፣ ማንንም ለማክበር ያልተጻፈውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። በኪታቡ መጨረሻ ገልባጩ ስሙንና የፈጸመበትን ዓመተ ሒጅራ ይጽፋል፤ ባለቤቱ «ይህ ኪታብ የእገሌ ነው» ብሎ ያስቀምጣል፤ ሌላው በኅዳጉ ላይ ከመምህሩ የሰማውን ትርጓሜ ያክላል። ከሼኹ መነሣት በፊት በአካባቢው የተገለበጠ አንድ የፊቅህ ኪታብ ቢገኝ፣ ስለ ቀድሞው ዘመን ትምህርት ከብዙ የገድል ገጽ ይልቅ ይናገራል። ሲልሲላና ኢጃዛም እንዲሁ ናቸው፤ ማንም ሊቅ ያለ መምህር አልተነሣምና፣ የመምህሩ ስም በተጻፈበት ሁሉ «ጨለማ» ከተባለው ዘመን አንድ መብራት ይታያል። የዳዌው ሙፍቲ ዳውድ በ1819 ማረፋቸው ሲታሰብ፣ በሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ዘመን ትምህርት በአንድ ቤት ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ይህ የአነባበብ ዘዴ ለደሴ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ከከተማይቱ በስተ ሰሜን በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አበ ምኔቱ ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ገደማ የሰጡት ወንጌል አለ። ታደሰ ታምራት በ1970 ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የሐይቅ አበ ምኔቶች ተራ ሲመረምሩ፣ ከገድሉ ጋራ በወንጌሉ ላይ የተመዘገበውን ማስታወሻ አስተያይተዋል። ለገዳሙ ወንጌል የተደረገው ለጌታና ለጀማ ንጉሥ ኪታብ ሊደረግ ይገባዋል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመሥራቾቹ ተግሣጽ በእርግጥ ያዩትን ልማድ የሚመለከት ስለ ነበር፣ ጨለማውን ሁሉ የጽሕፈት ልማድ ማድረግ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው የሚል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለየትኛው ወገን እንደሚፈረድ የሚያሳውቀው የኪታቡ ኅዳግ ነውና፣ ተቃውሞው ራሱ የምርመራውን አስፈላጊነት ያጸናል።

ምርመራው ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ፣ ከዑለማው ብዙዎች ተሰደዱ፤ እንደ ሼኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ያሉትም በዐመፅ ተነሡ። ስለዚህ ዛሬ በየቤቱ ያለው ከዚያ መከራ የተረፈው ነው። በኖቬምበር 2021 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት በተያዙ ጊዜም የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ከጥፋት ለማዳን ጽሑፉን ፎቶግራፍ ማንሣት መልካም ነው፤ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉት የዐረብኛ ጽሑፎች ዝርዝርም በአሌሳንድሮ ጎሪና በባልደረቦቻቸው በ2014 ታትሟል። ሆኖም ፎቶግራፍ አንሺው ገድሉን ብቻ መርጦ ኅዳጉን፣ የተቀደደውን ቅጠልና ኪታቡ ከየትኛው ጋራ ተቀምጦ እንደ ነበረ ሳይመዘግብ ቢሄድ፣ መሥራቹን ያከበረውን ቃል አድኖ ያን ቃል የሚመዝነውን ምስክር ያጠፋል።

እንግዲህ ሁሴን አሕመድ የከፈቱትን በር የሚከተሉ ተማሪዎች የሚጠብቃቸው ሥራ ይህ ነው፦ በቤቱ ባለቤቶች ፈቃድ፣ ጽሑፉን ከቦታው ሳያነሡ፣ እያንዳንዱን ኪታብ ከገልባጩ፣ ከባለቤቱና ከኅዳጉ ጋራ መዘርዘር። ያ ዝርዝር ሲሟላ ከሼኾቹ በፊት የነበረው ወሎ ጨለማ መሆኑና አለመሆኑ፣ ሼኾቹን ካከበሩት ሰዎች ቃል ውጭ በሆነ ማስረጃ ሊታወቅ ይችላል።