ሥዕለ ጦርን በእንስሳው መመርመር

የጦርነትን ታሪክ በሥዕል የሚተርክ መጽሐፍ ወይም ሰሌዳ ሲቀርብለት፣ ተመልካች ሁሉ አስቀድሞ የጀግናውን ፊት መፈለጉ የቆየ ልማድ ነው፤ የሥራውን ደግነት በእውነት ሊመረምር የሚሻ ግን ጦርነቱን ሳይመርጡ የተሸከሙትን ፍጥረታት፣ ፈረሱንና በቅሎውን፣ አስቀድሞ ይመልከት እላለሁ።

ወደዚህ አሳብ ያደረሰኝ ብራያን ቮን ጽፎት ኒኮ ሄንሪሾን የሣለው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው «ፕራይድ ኦፍ ባግዳድ» ነው። ባግዳድ በ2003 እ.ኤ.አ. በቦምብ ስትደበደብ ከአራዊት ማቆያዋ ወጥተው በአሜሪካ ወታደሮች ጥይት የወደቁትን የአራት አንበሶች እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገ መጽሐፍ ሲሆን፣ አንብቤ ስፈጽመው ልቤ እጅግ ተነክቶ እንባዬን መግታት ተሳነኝ። አንበሶቹ በሰው ልሳን ይነጋገራሉ፤ ሆኖም አረማመዳቸውና ረኃባቸው የአንበሳ እንደ ሆነ ይቀራል። ለእንስሳ አንደበት ሰጥቶ ባሕርዩን የሚነጥቅ ሠዓሊ ስለ ሰው ብቻ ተናገረ።

በተከታታይ ሥዕል መተረክ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ሠዓሊዎቻችን በአራት ማዕዘን ረድፍ ሲያወርዱት ኖረዋል። በእንዲህ ያለ ሥራ፣ በአንዱ ሰሌዳ ያነከሰች በቅሎ በተከታዩ ምክንያት ሳይኖር ቀጥ ብላ ከሄደች፣ ሠዓሊው ረስቷታል ማለት ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዐድዋን ጦርነት በሚያሳዩት ሥዕሎች፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጸዓዳ ፈረሱ ከላይ ሆኖ ሲራዳ፣ የወገን ሰው በሁለት ዓይን፣ ጠላት በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ፈረስ ግን ለማንም ቢሰለፍ ብዙ ጊዜ በጎኑ ስለሚሣል፣ ከዚህ ፍርድ ውጭ ሆኖ ይቆማል። ስለዚህም ብልህ ሠዓሊ የፈረሱን ነፍስ በጆሮው አቋም፣ በአፍንጫው መነፋትና በአንገቱ ጅማት ይገልጣል፤ ሰነፉ አንዱን ፈረስ ደጋግሞ ይገለብጣል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እየተባሉ በፈረሶቻቸው ስም መጠራታቸውን፣ ወደ ኮርያ የዘመተው ጦራችንም ቃኘው መባሉን ላሰበ ሰው፣ ፈረሱን እንደ መቀመጫ ብቻ መሣል የጌታውን ግማሽ ስም መፋቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚፈትነኝ ግን የስንቅ ተሸካሚው ነው፤ ሠራዊት የሚዘምተው በአህያና በበቅሎ ጀርባ ነበርና። ዓይኑን ማሠልጠን የሚወድ፣ ምኒልክ ዘውድ ወደ ጫኑባት ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጣ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ተዳፋት ጥቂት ይቁም። የባሕር ዛፍ እንጨት የተጫነች አህያ ቁልቁለቱን ስትወርድ ክብደቱ ወደ ፊት እግሮቿ ይሄዳል፣ እርምጃዋ ያጥራል፣ መጫኛው ጠጉሯን ያስተኛዋል። ይህን ያየ ሰው፣ በሥዕሉ ላይ ያለው ጭነት ክብደት ቢያጣ፣ የጀርባውም መሥመር ምንም ሳይጎብጥ ቢገኝ፣ ወርቁና ቀይ ቀለሙ ምን ቢያበራ ሥዕሉን አይግዛው።