ጀበናው ቆመ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ። የጦሳ ተራራ ብርድ ቤት ድረስ ገብቷል፤ የእህቴ ልጅ ግን ጋቢ ተከናንባ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች። «ጥበብ ገርልስ»ን ነው የምታየው፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች፣ ካርቱን ሆነው፣ በአማርኛ ስለ ወር አበባ ያወራሉ። እህቴ ጀበናዋን እንደያዘች ቆመች።

ሥራው የቀድሞዋ አስተማሪ የብሩክታዊት ጥጋቡ ነው። ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲጀምሩ ቀጭኔዋ ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። ካልሲ! ከዚያ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2008 በሙኒክ የሚሰጠውን የልጆች ቴሌቪዥን ሽልማት፣ ፕሪ ዠኔስን፣ ተሸለሙ።

የጤና ትምህርት መመሪያ ስንት ገጽ ፈጅቶ «የሥነ ተዋልዶ ጤና ግንዛቤ ማስጨበጥ» ይላል፤ አንብቦ የጨረሰ ሰው አላጋጠመኝም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን ካሜራ የማይደርስበትን የሰውነት ክፍል በጥቂት መስመር ከፍቶ ያሳያል፤ ማንንም ሳያጋልጥ። የሚያፍረው ገጸ ባሕርዩ ነው፤ ተመልካቿ በሰላም ትማራለች። ደግሞ ያልገባት ቦታ መልሳ ትከፍተዋለች፤ መምህር እንዲህ ቢደጋገምበት ይቆጣል።

እህቴ ጀበናዋን አስቀምጣ ከልጇ ጎን ተቀመጠች።

«እስቲ ከመጀመሪያው መልሽው» አለቻት።