ናፍጣው ይስከን

ትራክተር እንዳለኝ የሰማ ሁሉ ስለ ፈረስ ጉልበቱ፣ ስለ ጎማው ዋጋ፣ በቀን ስንት ሄክታር እንደሚገለብጥ ይጠይቀኛል። ስለ በርሜሌ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። እኔ ደግሞ ከትራክተሩ ይልቅ ስለ በርሜሉ ብዙ የማወራው አለኝ። በቆጂ አካባቢ የራሴንም የጎረቤትንም የስንዴና የገብስ መሬት ሳርስ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ትራክተሬ ሥራ ካቆመችባቸው ቀኖች አብዛኞቹ መነሻቸው እርሻው አይደለም፤ ጓሮዬ ነው።

ናፍጣ እቤት ማስቀመጥ የሚወደድ ነገር ሆኖ አይደለም። ማደያው ሩቅ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ትራክተር ደግሞ እንደ ሚኒባስ ሄዶ ቀድቶ አይመለስም፤ አስፋልት ላይ በወጣ ቁጥር ጎማውንም ጊዜውንም ይበላል። ስለዚህ የድጋፍ ደብዳቤ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጻፋል፣ ሒሳቡ በቴሌብር ይከፈላል፣ በርሜሉ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። ለመጀመሪያው እርሻ፣ መሬቱ ካረፈ፣ በሄክታር ከ20 ሊትር በላይ ይሄድብኛል። አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ስምንት ወይም ዘጠኝ ሄክታር ነው ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ የነዳጅ ድጎማው መነሳት ከጀመረ ወዲህ ያ በርሜል በግቢዬ ካለው ነገር ሁሉ ከትራክተሯና ከበሬዎቹ ቀጥሎ ውድ ንብረቴ ሆኗል። በሬን ግን በረት ሠርቼለት፣ በርሜሉን ዝናብ ላይ አቆምኩት።

በጀመርኩበት ዓመት ሐምሌ ነበር። በርሜሉን አጥር ሥር አቁሜዋለሁ፤ ክዳኑን በእጄ የቻልኩትን ያህል አጥብቄዋለሁ። ከላይ፣ በበርሜሉ ግንባር ላይ፣ የዝናብ ውኃ ተጠራቅሞ እንደ ትንሽ ሳህን ይታየኛል፤ ክዳኑ ግጥም ብሎ የለ፣ ምን ያመጣል አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት የሰው ማሳ መሀል ትራክተሯ ሁለቴ አስላትና ጸጥ አለች። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን የመስታወት ስኒ ፈትቼ ሳያት ታችኛው ግማሽዋ ውኃ ነው። ናፍጣው ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ወርቅ መስሎ ተቀምጧል።

ከአሰላ የመጣው መካኒክ የአባቴ ዕድሜ ነው። ትራክተሯን ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት ነዳጁን ከየት እንደምቀዳ ጠየቀኝ። በርሜሉ ዘንድ ወሰድኩት። ላዩ ላይ የተኛውን ውኃ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ “እሷ አልታመመችም ልጄ፣ ያጠጣሃት ነው የታመመው” አለኝ።

“ክዳኑ ግጥም ብሏል እኮ ጋሼ።”

“ቀን ፀሐይ ሲመታው በርሜሉ ይነፋል፣ አየር ይተነፍሳል። ሌሊት ብርድ ሲመታው መልሶ ይስባል። አየር ከሌለ አፉ ላይ ያገኘውን ይጠጣል።” ቀጠለና፣ “ባለቤትህ ቡና አፍልታ ጀበናውን ካወረደች በኋላ ትነቀንቀዋለች?”

“አትነቀንቅም።”

“ታዲያ አንተ በርሜሉን ከመኪና አንከባልለህ አውርደህ በዚያው ሰዓት የምትቀዳው ለምንድን ነው?”

ሙያውን የተማርኩት ከዚያ ጥያቄ ነው። በእኛ ቤት ጀበና ወርዶ ማቶቱ ላይ ጋደም ይላል፣ አተላው ይወርዳል፣ ሰክኗል ሲባል ብቻ ይቀዳል። ሲቀዳም አንዴ ተዘንብሎ ሳይቋረጥ ነው፤ ቀና ዘንበል ካለ አተላው ይነሳል። በርሜልም ሌላ ምሥጢር የለውም። ውኃ ከናፍጣ ይከብዳል፤ የአንድ ሊትር ናፍጣ ክብደት 840 ግራም ገደማ ነው። ዝገቱም አቧራውም ይከብዳል። ጊዜ ከተሰጠው ሁሉም ራሱ ወደ ታች ይሄዳል፤ የእኛ ሥራ አለመነካካት ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። የእኔዋ ማሲ ፈርጉሰን 165 ናት፣ ባለ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር። ፖምፓዋ ውስጥ የሚንሸራተቱት ብረቶች ክፍተታቸው ጥቂት ማይክሮን ነው፤ የሰው ጸጉር እንኳ 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። ያንን ብረት የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው እንጂ ሌላ ዘይት የለውም። ውኃ ሲገባ ማለስለሱ ይቀራል፣ ብረቱ ይፋቃል፣ ካደረ ይዝጋል። ይባስ ብሎ ውኃና ናፍጣ በሚገናኙበት መስመር ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይራባሉ። እዚያ ሲከርሙ ጥቁር፣ ልግ የሚል ነገር ይፈጥራሉ፤ ፊልትሮን የሚደፍነው እሱ ነው። ውኃ ከሌለ እነሱም የሉም።

እና አሁን ሁለት በርሜል አለኝ። አንዱ ሲያርፍ ከሌላው ይቀዳል። የመጣው በርሜል ቦታውን ከያዘ ቢያንስ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ሳይነካ ይውላል፤ ሁለት ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን ክፍት የሆነ ዳስ ሠርቼላቸዋለሁ። ዳስ የሌለው ሰው በርሜሉን በጎኑ ያስተኛው፤ ሁለቱ ክዳኖች ግራና ቀኝ በአንድ መስመር እንዲሆኑ አድርጎ። ያኔ ክዳኖቹ ከውስጥ በናፍጣ ይሸፈናሉ፣ ከውጭም ውኃ የሚተኛበት ቦታ አይኖርም። በጎኑ የተኛ በርሜል ላይ ሳራቺኔስካ ገጥሞ መቅዳትም ይቻላል። ፊቱ ከኋላው ትንሽ ከፍ ካለ ዝቃጩ ወደ ኋላ ይሸሻል።

የእኔዎቹ ግን ቆመው ነው፤ ምክንያቱም የእጅ ፓምፕ ገዛሁ። የትራክተሯ ታንከር አፉ ኮፈኑ ላይ ነው። በጀሪካን መቅዳት ማለት አሥራ ሰባት ኪሎ ደረትህ ድረስ አንስቶ፣ በማንቆርቆሪያ አፍ ላይ ሳይንቀጠቀጡ መያዝ ነው። ወጣት ሳለሁ ቀላል ነበር። ፓምፑ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ረዳቴን አሳቀው፦ አዲሱን የመሳቢያ ቧንቧ በመጋዝ ቆረጥኩት። ጫፉ በርሜሉ ወለል ላይ እንዳያርፍ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር ሲሉት ትንሽ ይመስላል፤ በበርሜል ስፋት ግን ከ12 ሊትር በላይ ናፍጣ ነው። “ይህ ሁሉ ገንዘብ ሊተው?” አለኝ። አይተውም። በርሜሉ ሲያልቅ የቀረውን በሚያሳይ ጠርሙስ አጠራቅመዋለሁ፤ ሲሰክን የላዩ ለብረት ማጠቢያ ይሆናል፣ የታቹ ይጣላል። ደግሞ በፓምፑ በኩል ባለው የበርሜሉ ወገን ሥር ስስ እንጨት ሸጉጫለሁ፤ ዝቃጩ ወደ ሌላው ወገን ይንሸራተት ብዬ።

ፓምፕ ከመግዛቴ በፊት እንደ ሁሉም ሰው በጎማ በአፌ እስብ ነበር። አንድ ቀን ትን አለኝ። ቤተሰቡ ተሯሩጦ ወተት አመጣ፤ እንደ ልማዳችን ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ነርስ ግን ወተቱ ሊያስመልሰኝ ይችል እንደነበር ነገረችኝ፤ ነዳጅ የጠጣ ሰው ካስመለሰው ወደ ሳንባ የመግባቱ ዕድል ይጨምራልና፣ የሚያስፈራውም ሆድ ሳይሆን ሳንባ ነው። ለሳምንት ያህል ስተነፍስ ናፍጣ ናፍጣ ይለኝ ነበር። ፓምፕ የሌለው ሰው ጎማውን በሙሉ በርሜሉ ውስጥ ያጥልቀው፣ ሲሞላ ጫፉን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ያውጣና ከበርሜሉ ዝቅ አድርጎ ይልቀቀው። ራሱ ይወርዳል።

ስለ ማጥለያ አንድ ነገር። እናቴ ያረጀ ነጠላ ሰጥታኝ ለሁለት ዓመት በእሱ አጠለልኩ። ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የእናት ነው። ችግሩ ጥጥ መሆኑ ነው፤ የራሱን ብናኝ እየለቀቀ ፊልትሮውን በነጠላ ሞላው። ሳልነግራት በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት ተካሁት። ሌላው ደግሞ ዚንክ የተለበጠ ዕቃ ነው። ውኃ ስለማያዝገው ለነዳጅም የሚመች ይመስላል፤ ናፍጣ ግን ዚንኩን እያሟሟ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ይሠራና ኖዝል ይደፍናል። ተራ ጥቁር ብረት ይሻላል።

ቦታውን በተመለከተ ባለቤቴ ናት የወሰነችው። መጀመሪያ በርሜሉን ከጎተራው አጠገብ አድርጌው ነበር፤ አንድ ክረምት ሙሉ ዳቧችን ናፍጣ ሸተተ። አሁን ከጎተራውም፣ ከገለባው ክምርም፣ ከጉድጓዱም ርቆ የግቢው ጫፍ ላይ ነው። ሥሩ አሸዋ አለ፣ አጠገቡ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ፤ ከፈሰሰ ቶሎ ይመጠጣል። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በክብሪት ብልጭታ ብድግ የሚል አይደለም፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ የሚነድ ትነት አይሰጥም። ይህ ግን ንጹሕ ናፍጣ ከሆነ ነው። ቤንዚን የነበረበት ጀሪካን ውስጥ የተቀዳ ናፍጣ ናፍጣ አይደለም። ለዚህ ነው በእኛ ቤት የናፍጣ ጀሪካን አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ የሚታሰረው።

ማታ ሥራ ሲያልቅ ታንከሯን ሞልቼ ነው የማድረው። የበቆጂ ሌሊት ብርዱ አይጣል ነው፤ ባዶ ታንከር ውስጥ ያለው አየር እስኪነጋ ግድግዳው ላይ ያልበዋል፣ ላቡም ወደ ታች ይወርዳል። በርሜሉን ግን እስከ አፉ አልሞላም። በ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 200 ሊትር ናፍጣ ከ3 ሊትር በላይ ያብጣል።

ባለፈው ሐምሌ ጎረቤቴ ጀሪካን አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ። ደመናው ወርዷል፣ ማሳው ግማሽ ነው። በርሜል ጠዋት እንደመጣልኝ አይቷል። “እሱ ገና አልሰከነም” አልኩት። “አንተ ደግሞ ጠበል አደረግኸው” አለና ሳቀ። ካረፈው በርሜል ልቀዳለት ብዬ ጀሪካኑን ተቀበልኩና አፉን አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። ገልብጬ ሳራግፈው ሦስት አራት ጠብታ ውኃ መዳፌ ላይ ወረደ። ቀይ ጨርቅ ባለው በራሴ ጀሪካን ቀድቼ ሰጠሁት። የእሱ እስከ ዛሬ እኛ ቤት ነው፤ ልጆቹ ውኃ ይቀዱበታል።