ግድግዳው ስንት ዓመቱ ነው?

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የባሕር ዳር ሠፈሮች የቆየ ቤት ስንፈትሽ በአብዛኛው የኮራል ድንጋይ፣ ጀሶና የማንግሮቭ ግንድ እናገኛለን። ከእነዚህ የሚወሰድ ናሙና ላቦራቶሪ ይገባል። የሙያው ክብደት ያለው ግን ውጤቱ ከመጣ በኋላ ነው፤ የተለካው የዕቃው ዕድሜ እንጂ ግንበኛው የሠራበት ዘመን አይደለምና።

ኮራል በሕይወት ሳለ ከባሕሩ ዩራኒየም ይወስዳል፤ ቶሪየም ግን እምብዛም አይወስድም። ቶሪየሙ የሚጠራቀመው በኋላ፣ ዩራኒየሙ ሲፈራርስ ነው። የሁለቱ መጠን ሲነጻጸር ኮራሉ መቼ እንዳደገ ይታወቃል። በሃዋይ፣ በማዊ ደሴት የጥንት መቅደሶች ዕድሜ የተለካው በዚህ መንገድ ነው፤ እዚያ ግን ኮራሉ ከባሕር እንደወጣ ለመሥዋዕት የቀረበ ነበር። የባሕረ ሰላጤው ግንበኛ ግን ከፈረሰ ቤት የተረፈ ድንጋይም ያነሣል። ስለዚህ ከኮራል የማገኘው፣ ግድግዳው በውስጡ ካለው ለጋ ድንጋይ እንደማይቀድም ብቻ ነው።

ከጀሶው ደግሞ ይህን ያህል እንኳ አይገኝም። እንደ ጎንደር አብያተ መንግሥት በኖራ ቢገነባ፣ ኖራው ሲጠነክር ከአየር የወሰደው ራዲዮካርበን፣ ማለትም ከጊዜ ጋር እየቀነሰ የሚሄደው የካርበን ዓይነት፣ በተለካ ነበር። ጀሶ ግን የሚጠነክረው ውኃ ይዞ ነው። በውስጡ የምፈልገው ሲቃጠል የገባበትን የከሰል ፍንጣሪ ነው፤ ያውም የጭራሮ ከሰል ቢሆን እመርጣለሁ፤ ያረጀ ዛፍ ግንድ እምብርት ከቤቱ በብዙ ዓመት ሊቀድም ይችላል።

አብልጬ የማምነው የጣሪያውን ግንድ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በሸራ ጀልባ ይመጣ የነበረው ማንግሮቭ በቀጭንነቱ ስለሚቆረጥ፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው እንጨት ከተቆረጠበት ጊዜ አይርቅም። ሆኖም ከ1650 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን የአየሩ ራዲዮካርበን ይዋዥቅ ስለነበር አንዱ ናሙና ሁለት ሦስት የተራራቁ ዘመናትን ይሰጣል። የአካባቢው የቆዩ ቤቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በዚሁ ዘመን ነው። የአየሩን ራዲዮካርበን ካበዙት ከ1950ዎቹ የኑክሌር ሙከራዎች ወዲህ የተቆረጠ እንጨት ግን በቶሎ ይለያል፤ ጥገና የተደረገበትንም ቦታ ያጋልጣል።

የሻርጃ ምሽግ በ1820ዎቹ ተሠርቶ በ1970 አብዛኛው ፈረሰ፤ አንድ ግንብ ተረፈና በ1990ዎቹ ዳግም ተገነባ። እንዲህ ባለ ቦታ ናሙናው ከየት እንደተነሣ ካልተመዘገበ፣ ትክክለኛ ቁጥር የተሳሳተ ታሪክ ያስነግራል። ስለዚህ ናሙና ከመቁረጤ በፊት በግንዱ ላይ የድሮ ምስማር ቀዳዳ፣ በግድግዳው ላይ የመገጣጠሚያ መስመርና የሲሚንቶ ልጥፍ እፈልጋለሁ። ባለቤቱ በሩ ላይ የሚጽፈው አንድ ዓመት ይጠይቀኛል፤ እኔ ከዚህ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት የሚሉ ሁለት ዓመቶች ከነምክንያታቸው እሰጠዋለሁ።