የሕመም ሥነ ጽሑፍና እኅትማማችነት

ደብዳቤ ከሌሎች የጽሑፍ ዓይነቶች የሚለይበት ዋነኛ ጠባይ ተደራሲው አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። የልብ ወለድ ደራሲ አንባቢውን በስምም ሆነ በመልክ አያውቀውም። ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት ግን የምትጽፍላትን ሰው ድምፅ እየሰማች፣ የቱ ላይ እንደምትደነግጥና የቱ ላይ እንደምታለቅስ እየገመተች ትጽፋለች። በጡት ነቀርሳ፣ በተለመደው አጠራሩ በጡት ካንሰር የተያዙ ሴቶች ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ያቀረቧቸው ሥራዎች ሲመረመሩ ይህ የደብዳቤ ጠባይ ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ ይታያል። ሥራው መጽሐፍም ይሁን ፎቶግራፍ የሚያነጋግረው አንዲት ሴትን ነው፤ ይኸውም ከዚያው ቢላዋ ፊት ቀርባ የተመለሰችውን ወይም ነገ የምትቀርበውን። በመሆኑም የሴቶች ጓደኝነት በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የሚተረክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥራዎቹን ቅርጽ የወሰነ ኃይል ነው። የሚጎለብቱትም ሆነ የሚኮስሱት ለማን እንደሚናገሩ በማስታወሳቸው ወይም በመዘንጋታቸው ልክ ነው።

የዚህ ሥነ ጽሑፍ መነሻ ተደርጎ ሊወሰድ የሚገባው እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፋኒ በርኒ ለእኅቷ ለአስተር የላከችው ደብዳቤ ነው። በርኒ እ.ኤ.አ. በ1778 «ኤቭሊና» በተሰኘው ልብ ወለዷ ዝናን ያተረፈች ስትሆን (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊ አግብታ በፓሪስ ትኖር ነበር። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1811 የናፖሊዮን ጦር ታዋቂ ቀዳጅ ሐኪም ዶሚኒክ ላሬ ቀኝ ጡቷን ቆርጦ አወጣው። ኤተር በቀዶ ጥገና ላይ ማደንዘዣ መሆኑ በይፋ የታየው በ1846 ነውና በርኒ ሥራው ሲከናወን ነቅታ ነበር። ደብዳቤውን የጻፈችው ከብዙ ወራት በኋላ በ1812 ሲሆን፣ ጥቁር የለበሱ ሰባት ወንዶች ወደ ክፍሏ ሲገቡ፣ ፊቷ ላይ በተጣለው ስስ መሐረብ ውስጥ የብረቱ ብልጭታ ሲታያት፣ አንዳችም ሳታስቀር ትተርካለች።

በደብዳቤው ውስጥ ከአሰቃቂው ትረካ ይበልጥ ሊስተዋል የሚገባው ግን ሌላ ነው። በርኒ ባሏ ሥቃዩን እንዳያይ በሰበብ ከቤት እንዲርቅ አድርጋለች። ለእኅቷ ግን ሁሉን ነገረቻት። ሕመሙ ሲጀምራት ችላ ማለቷን፣ ሐኪም እንድታይ ሲወተውቷት እምቢ ማለቷን ሳይቀር አልደበቀችም። የጻፈችውን መልሳ ለማንበብ እንኳ አልቻለችም። ይህ ደብዳቤ በአንድ ተራ አንባቢ ላይ የሚያሳድረው ድንጋጤ ሊሆን ይችላል፤ ለአስተር ግን ዕውቀት ነበር። በርኒ ከዚያ ወዲያ ከ28 ዓመት በላይ ኖራ በ1840 አረፈች።

ከበርኒ በኋላ ያለው ረጅም ጊዜ በአብዛኛው የዝምታ ጊዜ ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካዊው ሐኪም የዊልያም ሃልስቴድ ዘዴ ተስፋፋ፤ ጡቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻ ጭምር የሚያነሣ ነበር። እስከ 1970ዎቹ ድረስም ብዙ አሜሪካዊት ሴት ለናሙና ብላ ተደንዝዛ ስትነቃ ጡቷን አታገኘውም ነበር፤ ጋዜጠኛዋ ሮዝ ኩሽነር በ1975 ባሳተመችው መጽሐፍ አጥብቃ የተቃወመችው ይህንኑ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1974 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ቤቲ ፎርድ መታመሟን ለሕዝብ መግለጧም የበሽታውን ስም በአደባባይ አስጠራ። በኢትዮጵያም ቢሆን የሴቶችን ሕይወት ከሚያሰጉት ነቀርሳዎች የጡቱ ቀዳሚው ሲሆን፣ የሕመሙን ስም ለዘመድ ነግሮ ከታማሚዋ የመሰወር ልማድ አሁንም አልጠፋም። ጡት በአማርኛ የሥጋና የቃል ኪዳን ማሰሪያ ነው። ከሥጋ የማይወለደው «የጡት ልጅ» ይሆናል፤ ውለታ የካደውም «ጡት ነካሽ» ይባላል። እንዲህ ያለ ክብር የተሰጠው አካል ሲታመም ግን ቋንቋው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ይህን ዝምታ በተግባር ለመስበር ከሞከሩት መካከል የኒውዮርኳ ቴሬዝ ላሰር ትገኛለች። ጡቷና የደረቷ ጡንቻ ከተነሣ በኋላ ክንዷን እንዴት እንደምታነሣ የሚነግራት ሰው ስላላገኘች፣ በ1952 ራሷ ሌሎች ታማሚዎችን በሆስፒታል አልጋቸው እየዞረች መጠየቅ ጀመረች። ገመድና ኳስ ይዛ ትሄዳለች፤ እንቅስቃሴውን ታስተምራለች፤ ከሁሉ በላይ በሕይወት ቆማ ትታያለች። የጀመረችው የጉብኝት ሥራ በ1969 በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ሥር ገባ። ሆኖም በጎ ፈቃደኞቹ ይዘውት ከሚሄዱት ነገር አንዱ ባዶውን ቦታ የሚሞላ ሰው ሠራሽ ጡት ነበር። የኦድሪ ሎርድ መጽሐፍ የሚነሣውም ከዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ሎርድ ከካሪቢያን ደሴቶች ከመጡ ወላጆች በ1934 በኒውዮርክ የተወለደች ገጣሚ ስትሆን፣ ራሷን ጥቁር፣ ሴት አፍቃሪና የሴቶች መብት ታጋይ ብላ የምትጠራ ነበረች። ጡቷ በ1978 ተነሣ። በ1980 ያሳተመችው «የካንሰር ማስታወሻዎች» ከዕለት ማስታወሻዋ የተቀነጨቡ አንቀጾችን፣ ቀድሞ ያደረገችውን ንግግርና ሁለት ድርሳኖችን አጣምሮ የያዘ አነስተኛ መጽሐፍ ነው። ቅርጹ የተቆራረጠ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ጩኸት፣ አንዳንዱ ቦታ ጥናት ይመስላል። ይህ መቆራረጥ ግን እንደ ድክመት የሚቆጠር አይደለም። ማስታወሻው ሌሊት ሥቃይ ሲጠና የተጻፈ፣ ድርሳኑም ጠዋት ሥቃዩ ሲበርድ የታሰበበት መሆኑን አንባቢ በቀጥታ ይረዳል።

በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የሚታወስ ትዕይንት የጎብኚዋ ነው። አንዲት በጎ ፈቃደኛ ወደ ሎርድ አልጋ ቀርባ፣ ሐምራዊ ነጣ ያለ ቀለም ያለው የበግ ጠጉር ድቡልቡል ትሰጣታለች፤ ማንም ልዩነቱን እንደማያውቅ፣ ወንዶችም እንደማይርቋት ታጽናናታለች። ድቡልቡሉ ከሎርድ የቆዳ ቀለም ጋር አይገጥምም። ማጽናኛውም ከሕይወቷ ጋር አይገጥምም። ሎርድ በዚያች ሰዓት ልትጠይቅ የፈለገችው ስለ ሞትና ስለ ቀሪ ዕድሜዋ ነበር። ቀጥሎም ወደ ሐኪሟ ቢሮ ድቡልቡሉን ሳታደርግ ስትሄድ፣ ነርሷ አለማድረጓ የሌሎቹን ታማሚዎች መንፈስ እንደሚጎዳ ትነግራታለች። ሎርድ በዚህ ላይ የሰጠችው መልስ ቁጣና ምፀት የተዋሐዱበት ነው። የእስራኤሉ የጦር መሪ ሞሼ ዳያን አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ሲታይ የመስተዋት ዓይን እንዲያስገባ የጠየቀው ማን ነው? ለወንዱ የጦርነት ክብር የሆነው ጠባሳ ለሴቲቱ ስለምን ነውር ይሆናል?

የሎርድ ሐሳብ ከዚህም ይዘልቃል። ጡታቸውን ያጡ ሴቶች ሁሉ ባዶውን ቦታ ከሞሉት እርስ በርሳቸው በምን ይተዋወቃሉ? ተደባብቀው የሚኖሩ ሰዎች ጓደኛ ሊሆኑ አይችሉም፤ ጓደኛ ያልሆኑም አንድ ላይ ሆነው ጥያቄ አያነሡም። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጡት ያላቸው ሴቶች እንደ ሠራዊት ሆነው ወደ አሜሪካ ምክር ቤት ሲተሙ፣ በከብት ቀለብ ውስጥ የሚጨመሩት አደገኛ ሆርሞኖች እንዲታገዱ ሲጠይቁ የምትስለው ሥዕል ከዚህ የመነጨ ነው። እኅትማማችነት እዚህ ላይ ከአልጋ ዳር ተነሥቶ አደባባይ ይወጣል።

ሆኖም መጽሐፉ እንከን የለሽ አይደለም። ሎርድ መቅድሟን የከፈተችው እያንዳንዷ ሴት ሕመሙን የምትቀበለው ከኑሮዋ በተቀዳ መንገድ መሆኑን በመግለጽ ነው። በሰው ሠራሽ ጡት ላይ በጻፈችው ድርሳን ግን ይህን የዘነጋች የምትመስልባቸው ገጾች አሉ። ሥራዋን እንዳታጣ፣ ወይም ልጆቿ እንዳይደነግጡ ብላ ደረቷን የምትሞላ ሴት ፈሪ ልትባል አይገባም። ለጎብኚዋም ቢሆን ሚዛናዊ ፍርድ አልተሰጣትም። ያቺ ሴት የያዘችው ድቡልቡል ዋጋ ቢስ ሊሆን ይችላል፤ እርሷ ግን ከራሷ ጠባሳ ጋር ወደ ማታውቃት ሴት አልጋ የመጣች ናት። ስህተቷ መምጣቷ ሳይሆን ሳትጠይቅ መናገሯ ነው።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አለው፤ «አይዞሽ» የሚለው። ቃሉ እንደ ተናጋሪዋ ትርጉሙ ይለያያል። ከውጭ ያለችው ስትለው ብዙ ጊዜ «ዝም በይ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል፤ የታማሚዋ ፍርሃት ለጠያቂዋ ስለከበዳት። በዚያው መንገድ ያለፈች ስትለው ግን «ንገሪኝ፣ አልሸሽም» ማለት ነው። የሎርድና የጎብኚዋ ጠብ በእነዚህ በሁለቱ «አይዞሽ»ዎች መካከል ያለ ጠብ ነው።

ጓደኝነት ዕድሜን ያራዝማል ወይ የሚለው ጥያቄም በዋዛ የታለፈ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዴቪድ ስፒገልና ባልደረቦቹ በ1989 ያወጡት ጥናት፣ በሽታው ከጡት አልፎ ከተሠራጨባቸው 86 ሴቶች መካከል በየሳምንቱ በቡድን እየተሰበሰቡ የተወያዩት ከሌሎቹ በአማካይ ሁለት እጥፍ ያህል መኖራቸውን ገልጾ ብዙዎችን አስደስቶ ነበር። በ1991 ሳይሆን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ2001 የታተመውና 235 ሴቶችን የያዘው የካናዳ ጥናት ግን ዕድሜ መርዘሙን አላረጋገጠም። ያረጋገጠው መንፈሳቸው መሻሻሉንና ሥቃያቸው መቃለሉን ነው። ለኪነ ጥበብ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ሎርድ እንኳ ያደረገችው ሁሉ ሞትን አላስቀረላትም፤ በሽታው ወደ ጉበቷ ተዛምቶ በ1992 አረፈች።

በፎቶግራፍ ረገድ ሁለት ሥራዎች ከሎርድ መጽሐፍ ጎን ሊሰለፉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሄላ ሃሚድ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያነሣችው የደራሲዋ የዲና ሜትዝገር ፎቶግራፍ ነው። ሜትዝገር ራቁት ደረቷን ለሰማይ ሰጥታ እጆቿን ዘርግታለች፤ በጠባሳዋ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ተነቅሷል። ሥዕሉ በፖስተር መልክ ታትሞ በብዙ ሴቶች ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ጠባሳው እጅግ ስላማረ ሥቃዩን ያስረሳል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሁለተኛው የእንግሊዛዊቷ የጆ ስፔንስ ሥራ ነው፤ ከሁለቱ ጠንካራውም ይኸው ነው። ስፔንስ ከሠራተኛ ቤተ ሰብ የተወለደች፣ ለረጅም ጊዜ የሠርግና የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ በማንሣት የኖረች ባለሙያ ነበረች። በ1982 ሆስፒታል ተኝታ ሳለ አንድ ወጣት ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣና ሳያነጋግራት በግራ ጡቷ በላይ በቀለም የመስቀል ምልክት አደረገባት። ከቀዶ ጥገናው በፊት በተነሣችው ፎቶግራፍ ጡቷ ላይ የተጻፈው የጆ ስፔንስ ንብረት ነውን የሚል ጥያቄ ነው። የጥያቄ ምልክቱ የሥራው ልብ ነው፤ በአዋጅ መልክ ቢጻፍ ኖሮ መፈክር ሆኖ በቀረ ነበር። ከ1984 ጀምሮም ከጓደኛዋ ከሮዚ ማርቲን ጋር አዲስ ዘዴ አዳበረች። ሁለቱ ሴቶች ካሜራውን እየተቀባበሉ አንዷ ሌላዋን ታነሣለች፤ እንዴት እንደምትታይ የምትወስነው ግን የምትነሣዋ ናት። ለዘመናት ፎቶ አንሺው ያዝዛል፣ ተነሺዋ ትታዘዛለች የሚለው ሥርዓት በዚህ ተገለበጠ።

በአንጻሩ የጓደኝነት ምልክት ተደራሲውን ሲለውጥ ምን እንደሚሆን የሪባኑ ታሪክ ያሳያል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የካሊፎርኒያዋ ሻርለት ሄሊ የኮክ ቀለም ያለው ሪባን በገበታዋ ላይ በእጇ እየሠራች፣ ከብሔራዊው የካንሰር ተቋም በጀት ለመከላከል የሚውለው 5 በመቶ ብቻ መሆኑን ከሚገልጽ ካርድ ጋር ታድል ነበር። አንድ መጽሔትና አንድ የመዋቢያ ኩባንያ አብረዋት ሊሠሩ ሲጠይቋት ነገሩ ለንግድ ያደላ ነው ብላ እምቢ አለች። እነርሱም በ1992 ቀለሙን ወደ ሮዝ ለውጠው አሠራጩት። የኮኩ ሪባን ጥያቄ ያነሣ ነበር፤ ሮዙ ዕቃ ይሸጣል። ባርባራ ኤረንራይክ በ2001 ባቀረበችው መጣጥፍ ይህን የሮዝ ዓለም፣ ለጎልማሳ ታማሚዎች የአሻንጉሊት ድብ እስከ ማደል የደረሰውን፣ በሰላ ምፀት ተችታዋለች። ከታማሚዎች መካከል ቁጣዋን ስትገልጽ ከራሳቸው ከታማሚዎቹ የደረሳት ተግሣጽም በመጣጥፉ ሰፍሯል። እኅትማማችነት ደስተኛነትን በግዴታ ሲጠይቅ ያችን ነርስ መልሶ ያመጣታል።

ከቅርቦቹ ሥራዎች የአን ቦየር በ2019 የታተመው መጽሐፍ በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። አጻጻፉ ቀዝቃዛና የተጠበበ ነው፤ አልጋ ላይ ላለች አንባቢ አንዳንዱ ገጽ ሊከብዳት ይችላል። ስለ ጓደኞቿ የጻፈችው ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ቦየር ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ መምህርት ስትሆን፣ ሁለቱም ጡቶቿ በተነሡበት ዕለት ከሆስፒታል ተሰናበተች፤ ጥቂት ቀን ቆይታም ፈሳሽ መቀበያው ከደረቷ ሳይወጣ ክፍል ገብታ አስተማረች። ያስታመሟት ጓደኞቿ ናቸው። የአገሪቱ ሕግ ለባል፣ ለወላጅና ለልጅ ማስታመሚያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ጓደኛዋን ለምታስታምም ሴት ግን ስፍራ የለውም፤ ስለዚህም እነዚያ ጓደኞች ይመጡ የነበረው ከሥራ ሰዓታቸው እየሸራረፉ ነው።